ባናውን የገለበጠ አልነበረም

ወደ ቴአትር የገባሁት በባና በኩል ነው። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ገበያው ዳር ባለችው ሱቄ የበግ ጠጉር፣ ከእሱ የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ ባናን፣ በርኖስም እሸጣለሁ፤ ከዚህ ሌላ ጥበብ የለኝም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የሁለተኛ ደረጃው የአማርኛ መምህር መጣና ስምንት ባና በውሰት ጠየቀኝ።

«ስምንት ባና ምን ያደርግልሃል? ዘመድ መጣብህ?»

«ለመድረክ መጋረጃ ነው፣ ጋሼ። ቴአትር እያዘጋጀን ነው።»

«ለመጋረጃ አቡጀዲ ግዛ። ባና የተሠራው ሰው ሊያሞቅ ነው። ብትሰቅለው ገመዱን ይዞት ይወርዳል።»

«ለአቡጀዲ በጀት የለንም።»

ለባናም እንደሌላቸው ገብቶኛል። በጀት የሌለው ሰው ሁልጊዜ ውዱን ዕቃ በውሰት ይጠይቃል፤ ይህን በሠላሳ ዓመት ንግድ አይቻለሁ።

ወንበር ሰጠሁትና ነገሩን አስረዳኝ። በቀይ ሽብሩ ዘመን ከዚህ ከተማና ከዙሪያው የታሰሩ፣ ወንድም ወይም ልጅ የሞተባቸው ሰዎች እያረጁ ነው። ሳያልፉ ቃላቸውን ሰብስቦ ቴአትር ሊያደርገው ነው። ተዋንያኑ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። «መጽሐፍ ቢሆን ማን ያነበዋል? መድረክ ላይ ያየው ሰው ግን አይረሳውም» አለኝ። እስካሁን ስልኩን ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር አንዷ ትጀምርና አልቅሳ ታቆማለች፣ ሌላው «ልጆቼ አይወዱም» ይለዋል፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ከእስር ቤቱ ጀምረው ሳይታወቃቸው የማዳበሪያ ዋጋ ላይ ደርሰዋል።

«እህትዎ ታስረው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ በመጨረሻ። ባናው መግቢያ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

«ታስራ ነበር። ግን ትርፉ ድካም ነው። ለእኔ ለወንድሟ እንኳ አውርታኝ አታውቅም።»

እህቴ፣ እቴቴ የምላት፣ ሦስት ቀን፣ ከምሳ እስከ ማታ፣ አወራችው።

ይህንንም የሰማሁት ከመምህሩ እንጂ ከእሷ አይደለም። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን፣ በየጠዋቱ አብረን ቁርስ እየበላን፣ ለእኔ ከአርባ ዓመት በላይ ያልተነገረው ለስልክ ተነገረ። ብጠይቃት «አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። ነጋዴ ሲያፍር ዕቃ ያስተካክላል። እኔም ሄጄ ሱቄን አስተካከልኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ታላቅ ወንድማችን፣ ወንድም ጋሼ የምለው፣ እና እቴቴ ተማሪዎች ነበሩ። የቀበሌው ዘበኞች ሁለቱንም በአንድ ቀን ከቤት ወሰዷቸውና ቀበሌው እህል የሚያስቀምጥበት መጋዘን ውስጥ አሰሯቸው። ወንድም ጋሼን ገደሉት። ሬሳውን አልሰጡንም። ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ለእሱ ብላ ጠጉሩን በእጅዋ ፈትላ ያሠራችውን ባና ተሸክማ፣ እኔን አስከትላ ገበያ ወጣች። ቀኑን ሙሉ በዋጋ ስትከራከር ዋለች። ዓይኗ ላይ እንባ ያየ የለም።

ከተማው የሚያውቀው ይህችን ነው። ለቅሶ የተከለከለው ለሁሉም ነበር፤ ሌሎቹ ግን በራቸውን ዘግተው፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው አልቅሰዋል። ልጇ በሞተ ማግሥት ዕቃ ዘርግታ የተቀመጠች እናቴ ብቻ ናት። ስለዚህ «ደረቋ» አሏት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደረቋ፣ ውሃ ስትቀዳ ደረቋ። የቀብሯ ዕለት እንኳ ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «የደረቋ ቀብር ነው» ስትላት ሰምቻለሁ። ለመለየት ያህል ነው ያለችው፤ ክፋት አልነበረበትም። ያ ነው የባሰው።

እኔም ከሌላው የተሻልኩ አልነበርኩም። ወንድሜን ሳላነሣ፣ የገበያውን ነገር ብቻ ቆርጬ ለደንበኛ እናገር ነበር። «እናቴ በአንድ ባና ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ሳትቀንስ የዋለች ሴት ናት፤ እኔ ላንተ ልቀንስ?» እላለሁ። ሰውዬው ይስቃል፣ ይከፍላል። እኔም ብርቱ ነጋዴ ነበረች ብዬ አምን ነበር። ያን ቀን ባናውን ሳትሸጠው ይዘነው ወደ ቤት መመለሳችንን አስታውሳለሁ፤ ዋጋ አልስማማ ብሏት ነው ብዬ ዘጋሁት።

እቴቴ ለመምህሩ የነገረችው ሌላ ነው። ወንድም ጋሼ በተገደለ ዕለት የዘበኞቹ አለቃ እናቴን አስጠርቶ መጋዘኑ በር ላይ አቆማት። «ሴቲቱ ልጅሽ እዚህ ናት። ካለቀስሽ ትከተለዋለች። ቤትሽ ሰው ከተሰበሰበም ለቅሶ ነው» አላት። እቴቴ በግድግዳው ስንጥቅ ሰማች። እንግዲህ እናቴ ቤት ከዋለች ጎረቤት መምጣቱ አይቀርም፤ ጎረቤት ከመጣ ለቅሶ ነው። የቀራት ገበያ ነበር። እቴቴ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተፈታች። ከዚያ እናቴ አላነሣችባት፣ እሷም «በእኔ የተነሣ ነው» ማለት አቃታት፤ እንዲሁ አረጁ።

«እናቴ እንዳላለቀሰች አሳዩልኝ» አለችው መምህሩን። «ለምን እንዳላለቀሰች ተናገሩልኝ። ደረቋ የሚለውን ስም ከላይዋ አንሡልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

መምህሩ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሱቄ ውስጥ አነበበልን። እናትየዋ መሬት ላይ ትወድቃለች፣ ነጠላዋን ትቀድዳለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ሁለት ገጽ ሙሉ ሙሾ ታወርዳለች። ሲያነብ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። እቴቴ እስኪጨርስ ታገሠችው።

«ይህች ማን ናት?»

«እናትዎ ናቸው።»

«የኔ እናት አይደለችም። ምናልባት ያንተ ትሆናለች።»

«እቴቴ፣ እንባ ከሌለ ተመልካቹ ልቡ አይነካም።»

«ተመልካቹን ንካልኝ አላልኩህም።»

ሄዶ ጻፈ። በሁለተኛው እናትየዋ ገበያ ላይ ዝም ትልና ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። እቴቴ ራሷን ነቀነቀች። በሦስተኛው ገበያው ላይ፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዙራ፣ አንዲት ዘለላ እንባ ታወርዳለች። «አንዲት ብቻ» አለ መምህሩ ጣቱን ቀስሮ። ብዙ ቅናሽ ጠያቂ አይቻለሁ፤ በእንባ የሚከራከር ሲመጣብኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

«አልቀንስም» አለችው እቴቴ።

እንባው ከጽሑፉ ወጣ። አሁን ደግሞ አዳራሹ ቀረ። አዳራሹን የሚፈቅደው ሰውዬ ጽሑፉን ይዞ ሁለት ሳምንት ቆየና ጠራን። መምህሩ «ሽማግሌ ይኑርበት» ብሎ እኔንም ወሰደኝ።

«ጥይት አለበት?» አለን።

«የለበትም።»

«የታጠቀ ሰውስ?»

«አንድ ዘበኛ አለ» አለ መምህሩ።

«ምን ታለብሱታላችሁ? ወቅቱን ታውቁታላችሁ። ሰው ዩኒፎርም አይቶ ሌላ ነገር እንዳያስብ።»

ዘበኛውን የዝናብ ካፖርት ልናለብሰው ተስማማን። ሰውዬው ቀጠለና ታሪኩ ያዘነ ስለሆነ መጨረሻው ላይ ተስፋ ይጨመርበት አለ። መምህሩ ምን ዓይነት ተስፋ ብሎ ጠየቀው። «የልማት» አለ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ቀን ተቀጠረልን፤ አንዱን ስብሰባ ወሰደው፣ ሁለተኛውን የስብሰባው ግምገማ። ሦስተኛው ሲደርስ ዘበኛ የሚሆነው የሒሳብ መምህር ደብረ ብርሃን ወርዶ መንገድ ተዘጋበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ቃለ ተውኔቱን ረስቶታል።

ከሁሉ የከፋው ግን እናቴን የምትሆነው ሴት ነገር ነበር። መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ድምፀ መልካም ሴት ናት። ጽሑፉ ላይ እንባ የለም፤ እሷ ፊት ላይ ግን ሞልቷል። ልምምዱ ገበያው ጋ ሲደርስ ባናውን ታነሣለች፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፣ አለቀ።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ሳስበው ይመጣብኛል።»

«አታስቢው፤ ሽጪው። የገበያ ቀን እኔ ጋ ነይ።»

መጣች። በርጩማ ሰጠኋትና ከባናዎቹ ኋላ አስቀመጥኳት። «የገዢን አፉን አትስሚ፣ እጁን እዪ» አልኳት። «የባና ፊቱ ተበጥሮ ያምራል፤ አሠራሩ የሚታወቀው በጀርባው ነው። ሊገዛ የመጣ ሰው የፈለገውን እየቀባጠረም ቢሆን እጁ ባናውን ይገለብጠዋል። ጠጉሩን ይጎትታል፣ ያሸታል፣ አጥፎ ያነሣና ክብደቱን ያያል። ያልገለበጠ ሰው መንገደኛ ነው። ለእሱ ትንፋሽ አትጨርሺ።»

እስከ ረፋድ ተንተባተበች። ከዚያ ከራቤል የወጣ አንድ በግ ነጋዴ መጣና ባናውን ገለበጠ፣ አሸተተ፣ ግማሽ ዋጋ ጠራላት።

«ካልፈለግኸው ብርዱን ልበሰው» አለችው ፊቷን እንኳ ሳታነሣ።

ሰውዬው ሳቀና ከፈለ። እሷም ሰውየው ከሄደ በኋላ እጆቿን አየቻቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «አሁን ገባኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በልምምድ አላለቀሰችም። «ብርዱን ልበሰው» የሚለውንም መምህሩ ወደደውና ቴአትሩ ውስጥ ከተተው። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጸጸትበት ነው እንግዲህ።

በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ተገኘ። ሞላ። መጋረጃው የእኔ ስምንት ባና ነው። ፊት ያለው ረድፍ በሶፋ የሚቀመጡት ሹማምንት ናቸው፤ እቴቴና እኔ ከኋላቸው ሆንን። በግድግዳው ሥር ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አሮጊቶች ተደርድረዋል። ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያው ሞተ። ተዋንያኑ ጮክ እያሉ ቀጠሉ። የሒሳብ መምህሩ በዝናብ ካፖርቱ ወጥቶ እናትየዋን መጋዘን በር ላይ አቆማት። ያቺን ቃል ሊናገር አፉን ከፈተ። እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሴቲቱ ልጅሽ እዚህ ናት» አለ። ይህን ጊዜ የመጋረጃው ገመድ ተበጠሰ።

ስምንቱም ባና ወረደ። ሁለቱ ዘበኛውን አለበሱት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሒሳብ መምህሩ ከባናው ሥር ሆኖ ቃሉን አንድም ሳይዘል ጨረሰው፤ የሰማው ግን ባናው ብቻ ነው። የአማርኛ መምህሩ የሚቀዳበትን ስልክ ኪሱ ከቶ ገመድ ሊያስር ሮጠ። ሳቁ ሲበርድ ገበያው ተጀምሯል። ሕዝቡ ምክንያቱን አልሰማም። የሚያየው ልጇ በሞተ ማግሥት ባና ዘርግታ የተቀመጠች ዓይነ ደረቅ ሴት ነው።

ከኋላችን አንዱ ዐወቃት። «ደረቋ እኮ ናት» አለ፣ የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎት።

የመዝገብ ቤቷ ሴት ምን ታድርግ? ያስተማርኳትን አደረገች። ተከራከረች። ፊቷ አልተነቃነቀም። ገዢ ሆኖ የመጣው ተዋናይ ዋጋ ሲያጎድል «ብርዱን ልበሰው» አለችው፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ያን ያህል የተሳካ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም፣ ያን ያህልም ያፈርኩበት። እቴቴ ክንዴን ለቀቀችው። ነጠላዋን ሰብስባ ልትነሣ ስትል ከግድግዳው በኩል የብትር ድምፅ መጣ።

እማሆይ ናቸው። ከቤታችን በላይ የሚኖሩ፣ ከመነኮሱ የቆዩ አሮጊት። መድረኩ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ እግራቸውን አስቀድመው ወጡ። መምህሩ ከጥግ በእጁ «ይውረዱ» ይላል። እሳቸው አላዩትም፣ ወይም አይተው ተዉት።

«ባናው ስንት ነው?» አሏት የመዝገብ ቤቷን ሴት።

ሴቲቱ ደንገጥ አለች፤ ሆኖም ገዢ ጠየቃት፣ ዋጋውን ነገረቻቸው።

«ውድ ነው» አሉና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ሰው ሳቀ። እማሆይ እጃቸውን ባናው ላይ አሳረፉ። ቆዩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ።

«ውድ ነው» አሉ እንደገና። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሩ። «የምትስቁባት ሴት አጠገብ ያን ቀን እንዲህ ተቀምጠናል። እኔ ሦስተኛዋ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ሁለት ጠይቀዋል፣ ውድ ነው ብለው ትንሽ ተቀምጠው ሄደዋል። እኔ ስነሣ ሌላዋ መጣች። ቤቷ መሄድ ተከልክሏል፤ ዋጋ መጠየቅ አልተከለከለም። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን አልተውናትም። አፏ ዋጋ ላይ እስካለ ድረስ ለለቅሶ አይከፈትም ብለን ነው የተከራከርናት። ከመካከላችን ባናውን የገለበጠ ነበር? ያየ ካለ ይናገር።»

ያየው እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር፣ እናቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ ከሰው ሁሉ የሚታየኝ እጅ ነበር። የሴቶች እጅ፣ አመድ የነካው፣ ጭቃ የነካው፣ ባናው ላይ እንዲሁ የሚያርፍ። ፊቱ ላይ አርፎ ይቆያል፤ የማይጎትት፣ የማያሸት፣ የማይገለብጥ። ሠላሳ ዓመት ነግጄ፣ ለስንቱ እጅ እዩ ብዬ አስተምሬ፣ የገዛ እናቴን ገበያ አላነበብኩትም። ደንበኛ ማሳቂያ አድርጌው ኖርኩ።

እቴቴ ቆማ ነበር። «እማሆይ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለች።

«ዐውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«ሌሎቹም?»

«የመጣነው ሁሉ እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ደረቋ ሲሏት የት ነበራችሁ?»

ጉዳዩ በእቴቴና በእማሆይ መካከል ሆነ።

«መጀመሪያ ያልናት እኛ ነን» አሉ እማሆይ። «ማታውን ዘበኛው ይህ ሁሉ ሴት እሷ ጋ ምን ነበረው ብሎ ጠየቀ። ደረቅ ሴት ናት፣ አንድ ሳንቲም አትቀንስም፣ አደከመችን አልነው። አመነ። ስሙ እሷንም እኛንም ሸፈነን።»

«ዘመኑ ካለፈስ በኋላ?»

እማሆይ ብትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ከዚያማ አፋችን ለምዶት ነበር» አሉ።

እቴቴ ወደ በሩ አመራች። ሰዎቹ ጉልበታቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት፤ ወጣች። ቴአትሩ ከዚያ አላለፈም። አዳራሽ ፈቃጁ ከሶፋው ተነሥቶ አዘጋጆቹን አመሰገነና አዳራሹ ለሌላ ፕሮግራም ስለሚፈለግ ብሎ አሰናበተን። መምህሩ ራሱን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ከእማሆይ ንግግር አንድም ቃል አልቀዳም፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ፣ እጁ ገመዱ ላይ ነበር። ይህን ሁሉ ወር የዞረበት ቃል መድረኩ ድረስ በእግሩ መጥቶለት አመለጠው።

የሚቀጥለው ሳምንት የብስጭት ሳምንት ነበር። እቴቴ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው ስለ ጨው ብቻ ነው። አዳራሽ ፈቃጁ መምህሩን ጠርቶ «ያቺ መነኩሲት ጥሩ ተዋናይት ናት፣ ልምምድ ታድርግና ለሌላም ቦታ አቅርቧት» አለው። መምህሩ እማሆይ የተናገሩትን ከየሰዉ ለቅሞ ሊጽፍ ሞከረ፤ አራት ሰው ጠየቀ፣ አራት ዓይነት ነገሩት። አንዱ እንዲያውም እማሆይ አልቅሰዋል ብሎ ማለለት። በመጨረሻ እሳቸው ዘንድ ሄዶ በቴአትሩ ይግቡልኝ ብሎ ለመናቸው።

«በሕይወቴ አንድ ጊዜ አስመስያለሁ» አሉት። «ይበቃኛል።»

እኔ ጋ መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እንግዲህ ምን ልጻፍ?» አለኝ። «ያየሁትን እጅ ጻፍ» አልኩትና የማስታውሰውን ነገርኩት። ጻፈ። አነበበልኝ። ጥሩ ነበር፤ ብቻ መጨረሻው ላይ አንዲት ዘለላ እንባ መልሶ አስገብቷል። ሰው እንዲህ ነው፣ ባዶ ቦታ አይወድም። ሰርዝ አልኩት፤ እያጉረመረመ ሰረዘ።

የገበያ ቀን ሲደርስ እቴቴ ሳልጠራት ሱቅ መጣች። እሷ ሱቄ ውስጥ መቀመጥ አትወድም፤ የጠጉሩ ሽታ ይከብደኛል ትላለች። ባናዎቹ ኋላ ገብታ ተቀመጠች። ለምን እንደመጣች አልጠየቅኋትም፤ መጠየቅ አለመልመዴን አስቀድማ ነግራኛለች። ፀሐይ ሞቅ ሲል እማሆይ ከላይ ሲወርዱ አየሁ። ሁለት አሮጊቶች አስከትለዋል፤ አንደኛዋ ዓይኗ ደክሞ የጓደኛዋን ነጠላ ይዛ ነው የምትሄደው። የዚያን ቀን እናቴ ጋ ከተቀመጡት ሴቶች በሕይወት ያሉት ሦስት ብቻ መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ።

ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። እማሆይ እኔን ዘለሉኝና እቴቴን አዩ።

«ባናው ስንት ነው?»

እቴቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ከሱቁ ዋጋ እጥፍ የሚሆን ጠራችባቸው።

«ውድ ነው» አሉ እማሆይ።

«አልቀንስም።»

እማሆይ ደጃፉ ላይ በተነጠፈው የበግ ቆዳ ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛዋ ጠየቀች፣ ውድ ነው አለች፣ ተቀመጠች። ዓይኗ የደከመው እጇን ዘርግታ ባናውን ፈለገች፤ እቴቴ እጇን ይዛ ፊቱ ላይ አሳረፈችላት። እቴቴ አጎንብሳ ነበር፤ ፊቷን አላየሁትም፣ ላየውም አልሞከርኩም። መንገደኛው ቆም ብሎ ያያል። ከዓለም ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ «ምን እየተሸጠ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ለቅሶ ላይ ነን» አሉት እማሆይ፣ ገበያው እስኪሰማ። «የማን?» ሲላቸው የእናቴን ስም ሙሉውን ከነአባቷ ጠሩት። በዚያ ገበያ ያ ስም ሲጠራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ማን እንደሆነችና ለምን እንደዚያ እንደተቀመጠች ነገሩት። የሚያልፈው ሁሉ ጠየቀ፤ ለጠየቀው ሁሉ ተናገሩ። አንዳንዱ ሰምቶ ኮፍያውን አወለቀ፣ አንዳንዱ ቸኩሎ አለፈ። ደረቋ የሚለው ስም ከዚያ ቀን ወዲያ ጠፍቷል አልልም፤ ከተማው ትልቅ ነው፣ ጆሮውም እንደ አዳራሹ መብራት ነው።

እኔ በበኩሌ አንድ ባና አልሸጥኩም። እውነተኛ ገዢ ሲመጣ አራት ሴቶች ተቀምጠው ያያል፣ ሐዘን መሆኑን ያውቃል፣ ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ይሻገራል። ጎረቤቴ በዓይኑ አመሰገነኝ።

እኩለ ቀን ገደማ መምህሩ እየሮጠ መጣ፤ ሰው ነግሮት ነው። ስልኩን አውጥቶ ቀና አደረገው።

«አስቀምጠው» አለችው እቴቴ። «መጀመሪያ ዋጋ ጠይቅ።»

ስልኩን አየው፣ እሷን አየ፣ ኪሱ ከተተው። ከሦስቱ አሮጊቶች አጠገብ ተንበረከከ።

«ስንት ነው?» አለ።

ነገረችው። እሱም፣ ማንም ገበያ የወጣ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሳያስበው የባናውን ጠርዝ ሊያነሣ እጁን ሰደደ። እጁን መታሁት።

«አይገለበጥም» አልኩት።